ሰው ሲወድቅ ማን ይጠጋ? የሥራ ቦታ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሰጪዎች በወረርሽኝ ጊዜ

ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ የማርበርግ ቫይረስ መገኘቱ ተነገረ። ከዚያ በፊት ግንቦት 2017 ሞያሌ ላይ ኤምፖክስ ታይቶ ነበር። ከሁለቱም በፊት መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ አዲስ አበባ ላይ ተገኘ፤ የቀረውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ማስኩ ተወደደ፣ ሳኒታይዘሩ ከመደርደሪያ ጠፋ፣ በየበሩ የእጅ መታጠቢያ ሮቶ ቆመ። በየፋብሪካውና በየቢሮው ግን አንድ ጥያቄ በቅጡ ሳይመለስ አለፈ። አጠገባችን የሚሠራ ሰው ድንገት ቢወድቅ ማን ይጠጋው? የሚጠጋውስ ሳይያዝ እንዴት ይመለስ?

በወሬ ደረጃ ሁለት መልስ ይሰማል። አንዱ «በዚህ ጊዜ ማንም ማንንም አይንካ» ይላል። ሌላው «ሰው ወድቆ እያየን ቆመን አናልፍም» ይላል። የመጀመሪያው ሊድን የሚችለውን ሰው ያስገድላል። ሁለተኛው ደግሞ ዕርዳታ ሰጪውን ባዶ እጁን ይማግደዋል። ሁለቱም ነገሩን የድፍረት ጉዳይ አድርገው ያዩታል። የዕርዳታ ሰጪው ደህንነት ግን በአብዛኛው የሚወሰነው ሰውየው ከመውደቁ ከሳምንታት በፊት ነው። አሠሪው ያኔ ምን አዘጋጅቶ ነበር? ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው።

ዕርዳታ ሰጪዋ ማናት?

የመጀመሪያ ዕርዳታ የሚባለው የጤና ባለሙያ እስኪደርስ ድረስ በቦታው ያለ ሰው የሚያደርገው ድጋፍ ነው። በሥራ ቦታ ይህን የሚያደርጉት ብዙውን ጊዜ ነርሶች አይደሉም። አጭር ሥልጠና ወስደው ወደ ሥራቸው የተመለሱ ባልደረቦች ናቸው። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ሱፐርቫይዘሯ ልትሆን ትችላለች። ግንባታ ላይ ፎርማኑ፣ ቢሮ ውስጥ የሰው ኃይል ሠራተኛዋ። ትልልቅ ፋብሪካዎችና የኢንዱስትሪ ፓርኮች ክሊኒክ ይኖራቸዋል። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ግን ሁልጊዜም አጠገብ ላለው ሰው የተተዉ ናቸው።

ይህች ሴት ከጤና ባለሙያ የምትለየው በዕውቀት ብቻ አይደለም። የአምቡላንስ ሠራተኛ ወዴት እንደሚሄድ በስልክ ተነግሮት፣ መንገድ ላይ ጓንቱንና ማስኩን አጥልቆ ይደርሳል። እሷ ግን ከስፌት መኪናዋ ብድግ ብላ ነው የምትሮጠው። ሐኪም ቤት ውስጥ ሕመምተኛው ምን እንዳለበት ለማወቅ ምርመራ አለ። እሷ የምታውቀው የባልደረባዋን ስም ነው። ደግሞ ጓደኛዋ ነው፤ የሚጮኸውን ጓደኛ ትቶ ጓንት መፈለግ ለሰው ይከብዳል።

በዚህ ላይ ሕዝቡ አለ። ሰው ሲወድቅ እኛ ዘንድ የሚሆነው የታወቀ ነው። ይከበባል። አንዱ ውኃ ይረጫል፣ አንዱ ክብሪት ጭሮ ያሸትታል፣ ሌላው «አየር ስጡት!» እያለ ራሱ አየሩን ይዘጋል። የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ክብሪት ማሽተት ምንም አይጠቅመውም። መንቀጥቀጡ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በራሱ ይቆማል። በወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ ክብሪቱ ሌላ ጣጣ አለው፤ አሥር ፊት አንድ ፊት ላይ ይደፋል። ስለዚህ ከማስክም ከጓንትም በፊት የሚመጣው ሥራ ሰውን መበተን ነው። አንድ ሰው ይጠጋል። አንድ ሰው ራቅ ብሎ ይደውላል፤ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው፣ አዲስ አበባ ላይ 939 የእሳትና አደጋ ነው። ሌላው ወደ ሥራው ይመለሳል። ይህ ዋጋው ዜሮ ነው፣ ግን አስቀድሞ ካልተነገረ አይሆንም። የወደቀውን ትቶ ሕዝብ መበተን ለአንዲት ሱፐርቫይዘር በዚያች ሰዓት የሚቻል አይደለም፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ቀድሞ መመደብ አለበት።

በትንፋሽ ነው ወይስ በንክኪ?

ወረርሽኝ ሁሉ አንድ አይደለም። ማርበርግ የሚተላለፈው በታመመ ሰው ደም፣ ትውከት፣ ተቅማጥና ሌላ የሰውነት ፈሳሽ ነው። ኤምፖክስ በዋናነት ከቆዳ ቁስሉ ጋር በመነካካት ይይዛል። ኮቪድና ኢንፍሉዌንዛ ደግሞ በትንፋሽ ይመጣሉ። ለኮቪድ ተብሎ ማስክና ሳኒታይዘር የተሞላ ሳጥን ለማርበርግ አይበቃም። እዚያ የሚያስፈልገው ጓንት፣ ውኃ የማያሳልፍ ሽርጥና የዓይን መከላከያ ነው። ማርበርግ ባለበት አካባቢ አንድ ሰው አተኩሶት ሲያስመልሰው ደግሞ ለሥራ ቦታ ዕርዳታ ሰጪ ትክክለኛው ዕርዳታ አለመንካት ነው። ሰውየውን ለብቻው ማድረግ፣ ውኃ በርቀት ማስቀመጥ፣ ማነጋገር፣ ለጤና ቢሮ መደወል። የጂንካው ወረርሽኝ ካጠቃቸው መካከል የጤና ባለሙያዎችም ነበሩበት። የሠለጠነው ሰው ከተያዘ ያልሠለጠነው መሞከር የለበትም።

በትንፋሽ የሚመጣው ላይ ግን ብዙ ግራ መጋባት ነበር፤ ስህተቱም የሕዝቡ ብቻ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት መጋቢት 2012 ላይ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 2020፣ ኮቪድ በአየር አይተላለፍም ብሎ በማኅበራዊ ሚዲያ ጽፎ ነበር። የዚያን ጊዜው አስተሳሰብ የሰውን ትንፋሽ በሁለት ይከፍል ነበር። ከ5 ማይክሮን የሚበልጡት ፍንጥቅጣቂዎች ናቸው፤ ከባድ ስለሆኑ ወዲያው ይወድቃሉ። ከዚያ የሚያንሱት ኤሮሶል ይባላሉ፤ አየር ላይ ይንሳፈፋሉ። ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። ድርጅቱ በ2021 ማብራሪያውን አስተካክሎ ቫይረሱ በተዘጋ ቦታ አየር ላይ እንደሚቆይ ተቀበለ። በ2024 ደግሞ አከፋፈሉን ራሱን የሚያስቀር አዲስ የቃላት መመሪያ አወጣ። ትንፋሽ አንድ ወጥ ነው፤ ትልቁም ትንሹም አብሮ ነው የሚወጣው።

ይህን ለመረዳት ዕጣን ይበቃል። ቡና ሲፈላ ዕጣን ሲጨስ፣ ጭሱ ከማጨሻው አጠገብ ይወፍራል። ቀስ እያለ ቤቱን ይሞላል። መስኮት ሲከፈት ይሳሳል። የታመመ ሰው ትንፋሽም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ተራራቁ ሲባል የሚጠቀሰው ሁለት ሜትር ግድግዳ አይደለም፤ ከጭሱ ወፍራም ክፍል መራቂያ ነው። ዕርዳታ ሰጪዋ ሦስት ነገር ታያለች፤ ምን ያህል ተጠግታለች፣ ምን ያህል ጊዜ ቆይታለች፣ አየሩ ይንቀሳቀሳል ወይ። በር ላይ ለአምስት ደቂቃ መርዳትና መስኮት የሌለው ዕቃ ቤት ውስጥ ለግማሽ ሰዓት መርዳት አንድ ዓይነት አደጋ አይደሉም።

በነገራችን ላይ፣ በዚያ ጊዜ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰው በርና ወንበር በመርጨት ላይ ነበር። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2021 ባወጣው ግምት፣ ቫይረሱ ያለበትን ነገር አንድ ጊዜ በመንካት ኮቪድ የመያዝ ዕድል ከ10,000 አንድ ያነሰ ነው። እጅ መታጠብ መቼም አይከፋም፤ ተቅማጥንም ጉንፋንንም ይከላከላል። ግን ለመርጫ የወጣው ብር የታሸጉ መስኮቶችን ለማስከፈት ቢውል ኖሮ ለዕርዳታ ሰጪዋም ለሌላውም የበለጠ ይጠቅም ነበር።

መርፌ፣ ነስር፣ ቃጠሎ

በዚህ ርዕስ ላይ ክርክር ሲነሳ ሁሉም ስለ አፍ ለአፍ ትንፋሽ ያወራል። የሥራ ቦታ ዕርዳታ ግን በአብዛኛው እሱ አይደለም። ስፌት ላይ ጣት ውስጥ የምትገባ መርፌ ናት። ካውያ ያቃጠለው ክንድ ነው። ቁርስ ሳትበላ የመጣች ልጅ ራሷን ስታ መውደቅ ነው። ነስር ነው።

እዚህ ላይ የብሪታንያ የሥራ ቦታ ጤናና ደህንነት ባለሥልጣን በኮቪድ ጊዜ ያወጣው ምክር ቀላልና ብልህ ነበር። ሕመምተኛው ራሱን መርዳት ከቻለ ራሱ ይርዳ፤ ዕርዳታ ሰጪው ራቅ ብሎ ይምራው። መጠጋት ግድ ከሆነ ጊዜው ይጠር። ፊት ለፊት ሳይሆን በጎን በኩል መጠጋትም ይረዳል።

ነስርን እንይ። ሰውየው ማስኩን ማውለቅ አለበት፣ ሊያስልና ሊያስነጥስ ይችላል። ከዕርዳታ ሁሉ በትንፋሽ በኩል አስቸጋሪ ከሚባሉት አንዱ ነው። ነገር ግን ዕርዳታ ሰጪዋ መንካት የለባትም። ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል በራሱ ጣት ለአሥር ደቂቃ ያህል ይይዛል። እሷ በጎን ሁለት ሜትር ርቃ ሰዓት ትይዝለታለች። ወደ ኋላ ቀና የሚያደርግ ካለ ታስቆማለች፤ ደሙ ወደ ጉሮሮ ይወርዳልና።

ቃጠሎም ያው ነው። ኮልጌትም እንቁላልም አይቀባም። የሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ። ክንዱን ቧንቧ ሥር የሚይዘው ባለቤቱ ነው። የተቆረጠ ጣት ላይ ፋሻውን የሚጫነውም እሱ። ራሷን ስታ የወደቀችው ግን ትጋደማለች፣ እግሯ ከፍ ይላል፣ መስኮት ይከፈታል፤ ይህን ለማድረግ መጠጋት ግድ ነው፣ ግን የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ትን ያለው ሰው ማሳል ከቻለ እንዲያስል ይበረታታል፤ ጀርባውን መምታት ካስፈለገ ከጎኑ ተቁሞ ነው።

ደምን በተመለከተ ወረርሽኙ የሚያስረሳን ሌላ አደጋ አለ። ሁሉም ስለ አዲሱ ቫይረስ ሲያወራ አሮጌዎቹ ሥራቸውን አላቆሙም። በጤና ተቋማት በተሰበሰበ ማስረጃ፣ ኤችአይቪ ካለበት ሰው ደም ጋር በተነካ መርፌ የተወጋ ሰው የመያዝ ዕድሉ 0.3 በመቶ አካባቢ ነው። በሄፓታይተስ ቢ ግን ላልተከተበ ሰው እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በኢትዮጵያ ከሕፃናት መደበኛ ክትባት ጋር የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ሠራተኛ፣ ማለትም የዛሬው የፋብሪካ ሠራተኛ አብዛኛው፣ በራሱ ሄዶ ካልተከተበ አልተከተበም። ለዕርዳታ ሰጪነት የተመረጡትን ሦስቱን ዙር ማስከተብ ለድርጅቱ ከባድ ወጪ አይደለም። ለኤችአይቪ ደግሞ ከተጋለጡ በኋላ የሚወሰድ መድኃኒት አለ፤ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ይህን ቁጥር ማወቅ ያለባት ዕርዳታ ሰጪዋ ብቻ አይደለችም። የፈረቃ ኃላፊዋም ማወቅ አለባት፤ ፈቃድ ሰጥታ የምታሰናብታት እሷ ናትና።

ሲፒአር ላይ የተነሳው ክርክር

ሲፒአር ልቡ የቆመን ሰው ደረት በእጅ በመጫንና አየር በመስጠት ደሙን ማዘዋወር ነው። ለአዋቂ ሰው ደረቱ ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር ይጫናል፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ካልተደረገ የመዳን ዕድሉ በየደቂቃው ይወርዳል። አምቡላንስ በትራፊክ መጨናነቅ በሚዘገይበት ከተማ ደግሞ አጠገብ ያለው ሰው እጅ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ተስፋ ሊሆን ይችላል።

በ2020 የተነሳው ጥያቄ ይህ ነበር፦ ደረት ሲጫን ከሳንባ የሚወጣው አየር ቫይረስ ይዞ ይወጣል ወይ? የብሪታንያ የሪሰሲቴሽን ካውንስል፣ ማለትም የሲፒአር መመሪያ የሚያወጣው ተቋም፣ ሊወጣ ይችላል ብሎ ጥንቃቄ አዘዘ። የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና ተቋም ደግሞ ደረት መጫን ብቻውን ኤሮሶል እንደሚያመነጭ በቂ ማስረጃ የለም አለ። ሁለት ትልልቅ ተቋማት፣ በአንድ አገር፣ በአንድ ወር፣ ሁለት ነገር ተናገሩ። ሠራተኛው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ዓለም አቀፉ የሪሰሲቴሽን አገናኝ ኮሚቴ መካከለኛውን መንገድ ያዘ። አደጋው ሊኖር ይችላል፤ ቢሆንም ተራው ሰው ደረት መጫንንና፣ ካለ፣ በሕዝብ ቦታ የሚቀመጠውን የልብ ማስነሻ መሣሪያ እንዳይተው መከረ።

ከክርክሩ የወጣው ተግባራዊ ምክር አጭር ነው። ሰውየው ይተነፍስ እንደሆነ ለማወቅ ጆሮን ወደ አፉ ማስጠጋት ቀረ፤ ደረቱ ይነሳ እንደሆነ ቆሞ ማየት ይበቃል። አፍንጫውና አፉ ላይ ማስክ ወይም ስስ ጨርቅ ጣል ይደረጋል። ነጠላም ይሆናል። አፍ ለአፍ ትንፋሽ ይቀራል፣ ደረት መጫን ብቻ ይቀጥላል። ሁለተኛ ሰው ካለ ተራ ይገባሉ፤ የደከመ ሰው አፉን ከፍቶ ነው የሚያለከልከው፣ ማስኩም ይወርዳል።

ይህ ምክር ለሁሉም አይሠራም። በአዋቂ ላይ በድንገት የሚቆም ልብ ብዙውን ጊዜ መነሻው ራሱ ልብ ነው፤ ደሙ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ የሚበቃ ኦክስጅን አለ። ሕፃን ወይም ከውኃ የወጣ ሰው ግን ልቡ የቆመው አየር አጥቶ ነው። ለእነዚህ ትንፋሽ መስጠት ራሱ መድኃኒቱ ነው። ስለዚህ የሕፃናት ማቆያ ያለው ድርጅት ወይም የውኃ ገንዳ ያለው የአበባ እርሻ ሌላ ዝግጅት ያስፈልገዋል። አየር በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ያለው የትንፋሽ መስጫ ማስክ ትንሽ ነገር ነው፤ ሳጥን ውስጥ ይገባል።

አለመንካትስ ምን ያስከፍላል? ጣሊያን መልስ አላት። በሎምባርዲያ አራት አውራጃዎች፣ ወረርሽኙ በገባ በመጀመሪያዎቹ 40 ቀናት ከሐኪም ቤት ውጪ ልባቸው የቆመ ሰዎች 362 ደረሱ። ከአንድ ዓመት በፊት በተመሳሳይ ጊዜ 229 ነበሩ። በዚያው ጊዜ አጠገባቸው ካለ ሰው ሲፒአር ያገኙት ድርሻ በ16 መቶኛ ነጥብ ያህል ቀነሰ። ፍርሃት ብቻውን ምክንያት ነው ማለት አይቻልም፤ ሰው ሁሉ ቤቱ ተዘግቶበት ነበርና ብዙዎቹ ሲወድቁ ያያቸው አልነበረም። ቢሆንም ሰው መጠጋት ሲያቆም የሚሆነውን ያሳያል።

የሲያትል ሐኪሞች ደግሞ ሒሳቡን ሠሩት። በከተማዋና በአካባቢዋ በ2020 መጀመሪያ ላይ ልባቸው ከቆመው ሰዎች ኮቪድ የነበረባቸው ከ10 በመቶ ያነሱ ነበሩ። ዕርዳታ ሰጪው ምንም መከላከያ ሳይኖረው 10 በመቶ የመያዝ ዕድል አለው፣ ከተያዘም የመሞት ዕድሉ 1 በመቶ ነው ብለው ገመቱ። ውጤቱ፦ ከ10,000 ሲፒአር አንድ ዕርዳታ ሰጪ ይሞታል፣ ከ300 በላይ ሰዎች ደግሞ ይድናሉ። ግምት ነው፤ ግምቱም የተሠራው አምቡላንስ ቶሎ በሚደርስበት ከተማ ነው። የሚድነው ቁጥር እኛ ዘንድ ያንሳል፤ የሚያሰጋው ቁጥርም ወረርሽኙ ከባሰ ይጨምራል። ሆኖም ልዩነቱ ሰፊ ነው። በእኔ አስተያየት ለሠራተኛ ሲነገር «አትንኩ» ሳይሆን «ጨርቅ ጣል አድርጉበት፣ ደረቱን ጫኑ» መባል ነበረበት። አንዲት ነገር ግን መዘንጋት የለባትም። የስኳር ወይም የአስም ሕመም ያለባት ሴት ይህ ሒሳብ ለእሷ አይሠራም፤ በወረርሽኝ ጊዜ ከዝርዝሩ ወጥታ ሌላ ሰው መተካት አለበት። ምክንያቷን ሁሉ ፊት ሳትናገር።

ማስኩ ለምን መጨረሻ ላይ ይመጣል

የሥራ ደህንነት ባለሙያዎች ጥበቃን በደረጃ ያስቀምጡታል። መጀመሪያ አደጋውን ማስወገድ። ቀጥሎ ቦታውን ማስተካከል። ቀጥሎ አሠራሩን መለወጥ። የግል መከላከያ ቁሳቁስ፣ ማለትም ማስክ፣ ጓንት፣ መነጽር፣ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሁሉም ነገር በአንድ ሰው ጥንቃቄ ላይ ይንጠለጠላል። እኛ ዘንድ ግን የሚጀመረውም የሚያልቀውም በማስክ ነው።

ማስክ ራሱ ሦስት ዓይነት ነው። የጨርቁ ብዙ አያጣራም። የሕክምናው የሚሻል ሲሆን በጎንና በጎን ክፍት ነው፤ ይበልጥ የሚጠቅመው ሕመምተኛው ላይ ሲደረግ ነው። ኤን95 የሚባለው ቢያንስ 95 በመቶ የሚሆኑትን ጥቃቅን ብናኞች እንዲያጣራ የተሠራ ነው። የሚሠራው ግን ፊት ላይ ከገጠመ ብቻ ነው። ጢም ካለ አየር በጎን ይገባል። ፊት ላይ ያልተሞከረ ኤን95 ውድ የሆነ ተራ ማስክ ነው። ፊቱ ላይ ቫልቭ ያለው ዓይነት ደግሞ ለባሹን እንጂ ሕመምተኛውን አይጠብቅም።

ብዙ ሰው የሚያዘው ቁሳቁሱን ሲለብስ ሳይሆን ሲያወልቅ ነው። የተበከለ ጓንት ዓይን ይነካል፣ ስልክ ይነካል። ጓንቱ መጀመሪያ ይወልቃል፣ ውስጡ ወደ ውጪ ተገልብጦ። እጅ ይታጠባል ወይም በአልኮል ይታሻል። ማስኩ በመጨረሻ፣ በማሰሪያው ተይዞ። ወለል ላይ የፈሰሰ ደም በበረኪና ይጸዳል። ዕቃው ላይ 5 በመቶ ክሎሪን ተብሎ ከተጻፈ፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ ይቀጠናል። ለአሥር ደቂቃ ይቆያል። ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቀልም፤ የሚወጣው ጋዝ ዕርዳታ ሰጪዋን ራሷን ታካሚ ያደርጋታል።

ይህ ሁሉ ሳጥኑ ክፍት ሲሆን ነው። በስንቱ መሥሪያ ቤት ሳጥኑ ተቆልፎ ቁልፉ ስቶር ኪፐሩ ኪስ ውስጥ ነው? «ይሰረቃል» ይባላል። ሥጋቱ እውነት ነው፤ በ2012 ማስክ ከዘይት እኩል ይደበቅ ነበር። መፍትሔው ግን ቁልፍ አይደለም። ሁለት ጥንድ ጓንት፣ አንድ ማስክና አንድ ትንሽ አልኮል በታሸገ ከረጢት ተደርጎ በዕርዳታ ሰጪዋ የስፌት መኪና ሥር ይቀመጣል። ማኅተሙ ከተቀደደ ለምን እንደተቀደደ ትመዘግባለች።

ብትታመምስ? አንቀጽ 98

እስካሁን ያለው ሁሉ እንዳትያዝ ነው። ከተያዘችስ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ያላያት ቀዳዳ ያለችው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪውን ብዙ ነገር ያስገድደዋል። አንቀጽ 92 የሠራተኛውን ጤናና ደህንነት እንዲጠብቅ፣ የመከላከያ ቁሳቁስ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያስተምር ይላል። አንቀጽ 96 በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155ም አሠሪው በቂ የመጀመሪያ ዕርዳታ ዝግጅት እንዲኖረው ይጠይቃል።

አንቀጽ 98 ግን በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ ምን እንደሆነ ሲተረጉም አንድ ነገር ያስወጣል። ሥራው በሚሠራበት አካባቢ የተዛመተ ተላላፊ በሽታ በሥራ የመጣ ተደርጎ አይቆጠርም። ልዩነቱ የተደረገው በሙያቸው ምክንያት ያንን በሽታ በመዋጋት ሥራ ላይ ብቻ ለተሰማሩ ሠራተኞች ነው። ነርሷ እዚህ ትገባለች። ልብስ ሰፊዋ ዕርዳታ ሰጪ ግን በዋና ሥራዋ በሽታ አትዋጋም፤ ልብስ ነው የምትሰፋው።

የብር ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ሕመሟ ተራ ከተባለ፣ የሙከራ ጊዜዋን ጨርሳ ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ታገኛለች። ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። በሥራ የመጣ ጉዳት ከተባለ ግን ሦስት ወር ሙሉ፣ ቀጣዩን ሦስት ወር 75 በመቶ፣ ከዚያ እስከ ዓመት 50 በመቶ ነው። የሕክምናው ወጪም የአሠሪው ይሆናል። ሳትታመም «ተጋልጠሻል» ተብላ ለ14 ቀን ቤቷ የምትቀመጠው ደግሞ በሁለቱም ውስጥ በግልጽ የለችም።

አሠሪዎች የሚያነሱት መከራከሪያ አለ፣ ሊናቅም አይገባም። በሽታው ከተማውን ሁሉ ሲይዝ እሷ ከባልደረባዋ ትያዝ፣ ከሚኒባስ ታክሲ ትያዝ ወይስ ከቤቷ፣ በምን ይታወቃል? ሁሉም ሕመም የሥራ ነው ከተባለ ትንሹ ድርጅት ይዘጋል። በሌላ በኩል ያለው ክርክርም ጠንካራ ነው። ዕርዳታ ሰጪ አድርጎ የመደባት አሠሪው ነው። ያን ቀን የተጠጋችው በእሱ ትእዛዝ ነው። ሕጉ ደግሞ የአሠሪን ትእዛዝ ሲፈጽሙ የሚደርስ ጉዳትን በሥራ ላይ እንደደረሰ ይቆጥራል። እኔ ሁለተኛው ሚዛን ይደፋል ባይ ነኝ፤ ግን ነገሩ ለፍርድ ቤት ትርጉም ክፍት ሆኖ መቆየቱ በራሱ ችግር ነው። የታመመች ሴት ከአሠሪዋ ጋር የምትሟገትበት ጊዜ አይደለም።

በዓለም ደረጃ ነገሩ እየተንቀሳቀሰ ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. ሰኔ 2025 በሥራ ቦታ ስላሉ ባዮሎጂካል አደጋዎች ስምምነት ቁጥር 192ን አጽድቋል። ባዮሎጂካል አደጋ ማለት ቫይረስ፣ ባክቴሪያና የመሳሰሉት የሚያመጡት ጉዳት ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ብቻ የሚያተኩር የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው። እኛ ዘንድ ደርሶ ሕግ እስኪሆን ግን መንገዱ ረጅም ነው።

አዋጁ እስኪሻሻል መጠበቅ አያስፈልግም። የሠራተኛ ማኅበር ባለበት ድርጅት የኅብረት ስምምነት አለ፤ አዋጁ ከሚሰጠው የተሻለ መብት እዚያ መጻፍ ይቻላል። በተመዘገበ የዕርዳታ አጋጣሚ ተጋልጣ በበሽታው መታቀፊያ ጊዜ ውስጥ፣ ማለትም ከመጋለጥ እስከ መታመም ባለው ጊዜ፣ መታመሟ በምርመራ የተረጋገጠ ዕርዳታ ሰጪ፣ ሕመሟ በሥራ የመጣ ተደርጎ ይቆጠራል የሚል አንድ አንቀጽ። ተጋልጣ ቤቷ የምትቀመጥበት ጊዜ ደመወዝ አይቆረጥበትም የሚል ሌላ። የአሠሪዎቹ ሥጋትም እዚሁ ይመለሳል፤ ሁሉም ሕመም ሳይሆን የተመዘገበው ብቻ ነው የሚካተተው።

ስለዚህ መዝገቡ ወሳኝ ነው። ማን ወደቀ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ማን ተጠጋ፣ ምን ያህል ቆየች፣ ምን ለብሳ ነበር፣ ክፍሉ ምን ይመስል ነበር፣ ሌላ ማን ነበር። ደረቱን ጭና እጇ እየተንቀጠቀጠ የምትጽፈው እሷ መሆን የለባትም። የፈረቃ ኃላፊዋ በዚያው ቀን ትጽፋለች፣ ሁለቱም ይፈርማሉ፣ አንድ ቅጂ ዕርዳታ ሰጪዋ ቦርሳ ውስጥ ይገባል።